ባይፖላር እንዳለብኝ ከተነገረኝ በኋላ ወደ ሒሳብ ክፍል መመለስ፦ ለማን፣ ምን ያህል ልናገር?

የሒሳብ ሰው — ጥቅምት 5 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 2:15

ጤና ይስጥልኝ። ይህን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጥፍቼዋለሁ፤ አሁን ግን ነገ ወደ ሥራ ስለምመለስ ከዚህ በላይ ላዘገየው አልችልም።

ስታዲየም አካባቢ በሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ስድስት ዓመት አገልግያለሁ። ባለፈው ሐምሌ ባይፖላር የሚባለው፣ ስሜትን አንዴ ከልክ በላይ ከፍ አንዴ ዝቅ የሚያደርግ ሕመም እንዳለብኝ ተነገረኝ። ከዚያ በፊት ሦስት ዓመት ያህል «ድባቴ ነው» ተብዬ የድባቴ መድኃኒት ብቻ ስወስድ ነበር። ሐኪሜ በኋላ እንዳስረዳኝ ከሆነ፣ ይህ ሕመም ያለበት ሰው የድባቴ መድኃኒትን ለብቻው ሲወስድ ከዝቅታው ወጥቶ በዚያው ወደ ሌላው ጽንፍ ሊሻገር ይችላል። የእኔ መሻገር ደግሞ ከሰኔ ወር ጋር ገጠመ።

ሰኔን የሒሳብ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ሰኔ 30 ሲቃረብ ያልተወራረደው ሰነድ፣ ያልታረቀው የባንክ ሒሳብ፣ ያልተቆጠረው ዕቃ ሁሉ በአንድ ቀን ይፈለጋል። በዚያ ወር ማምሸት የተለመደ ስለሆነ እንቅልፍ ማጣቴን እንደ ሕመም ያየው ሰው አልነበረም፤ እንዲያውም ተመሰገንኩበት። በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ተኝቼ ድካም የሚባል አላውቅም ነበር፤ ሌሎች በሳምንት የሚጨርሱትን ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ላይ ተቀምጬ በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ትንሽ ቆይቶ ግን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የድርጅቱ አሠራር ከሥሩ ተነቅሎ እንዴት እንደሚተከል የሚያስረዳ 14 ገጽ ደብዳቤ ለሥራ አስኪያጁና ለመምሪያ ኃላፊዎች በሙሉ በኢሜይል ላክሁ። ከቁጠባና ብድር ማኅበራችን የሚፈቀድልኝን ያህል ተበደርኩ፤ ሁለት ዕቁብ ገባሁ። ገንዘብ ያዣችንን በሰው ፊት «ሌባ ነሽ» አልኳት። ሌባ አይደለችም።

ሦስት ሳምንት ተኝቼ ታከምኩ፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ዝቅታ ደግሞ እስከ መስከረም አጋማሽ ከአልጋ አላስነሣኝም። አሁን ሶዲየም ቫልፕሮት እወስዳለሁ፤ ማታ ማታ ኦላንዛፒን አለኝ። እህቴ ለሥራ ባልደረቦቼ «ታይፎይድና የነርቭ ድካም ነው» ብላ ነግራለች። የሕመም ፈቃዱ ማስረጃ ለሰው ኃይል አስተዳደር የገባው በታሸገ ፖስታ ነው፤ ነገር ግን ማኅተሙን ያየ ሰው የየትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ማወቁ አይቀርም።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። የሕመሙን ስም ለቅርብ አለቃዬ ልንገረው ወይስ ታይፎይዱን ላጽድቀው? ጠዋት ጠዋት ጭንቅላቴ ጉም እንደለበሰ ነው፤ ሥራ የምንገባው ደግሞ 2:30 ላይ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ሰኔ በየዓመቱ የሚመጣ ከሆነ እኔ በዚህ ሙያ መቀጠል እችላለሁን?

አራት ኪሎ — ጥቅምት 5፣ ከምሽቱ 3:40

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ነኝ፤ ይህ ስም ከተሰጠኝ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ሁለት ጊዜ አገርሽቶብኛል፤ ሁለቱም ጊዜ የጀመረው ከእንቅልፍ ማጣት ነው። የመጀመሪያው የፈተና ወረቀት ለማረም አምሽቼ ሳለሁ ነበር። ሁለተኛውን ስናገር ቅር የሚለው ሰው ይኖራል፤ በጽጌ ሰሞን ከማኅሌቱ መቅረት እንደሌለብኝ ተሰምቶኝ በተከታታይ ቅዳሜዎች ሌሊቱን ቆሜ አደርኩ። ሦስተኛው እሑድ ላይ ድካሜ ጠፋ፤ ማስፈራት የነበረበት ይህ ነበር፤ እኔ ግን እንደ በረከት ቆጠርኩት። ዛሬ የንስሐ አባቴ ያውቃሉ፤ ቅዳሴ እሄዳለሁ፣ ማኅሌት ግን አልቆምም።

ስለዚህ ከጥያቄዎችዎ ሁሉ አስቀድሜ የምመልሰው ያልጠየቁኝን ነው፦ ስንት ሰዓት ይተኛሉ? እኔ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቼ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እነሣለሁ፤ ቅዳሜና እሑድም ያው ነው። በትንሽ ደብተር የተኛሁበትን ሰዓት እመዘግባለሁ። ሁለት ሌሊት በተከታታይ ከአምስት ሰዓት በታች ከተኛሁና በማግስቱ ካልደከመኝ፣ ቀጠሮዬን ሳልጠብቅ ሐኪሜ ዘንድ እደውላለሁ። «ካልደከመኝ» የሚለውን ልብ ይበሉት፤ እንቅልፍ አጥቶ የደከመው ሰው ጤነኛ ነው፤ እንቅልፍ አጥቶ የበረታው ግን ሊፈራ ይገባዋል።

ስሙን መንገርን በተመለከተ፣ እኔ ለትምህርት ክፍል ተጠሪዬ ብቻ ነው የተናገርኩት፤ ለእርሱም ስሙን አልነገርኩትም። ያልኩት፣ «ለረጅም ጊዜ ክትትል የሚያስፈልገው ሕመም አለብኝ፤ ማታ የምወስደው መድኃኒት ጠዋት ያደነዝዘኛል፤ በዚህ መንፈቅ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ባይመደብብኝ ሥራዬን በአግባቡ እሠራለሁ» ነው። እርሱም የጠየቀኝ ምን እንደታመምኩ ሳይሆን የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ማን እንደሚይዘው ነበር። ሰው አንድ የተወሰነ ነገር ሲጠየቅ መልስ መስጠት ይቀለዋል፤ «ታምሜ ነበርና እዘኑልኝ» ሲባል ግን ምን እንደሚያደርግ ግራ ይገባዋል።

የሥራ ውል — ጥቅምት 6፣ ከጠዋቱ 1:50

ከሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ ጋር ስለምውል የሕጉን በኩል ብቻ ላብራራ። በግል ድርጅት ተቀጣሪ ስለሆኑ የሚገዛዎ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ከሥራ በመጣ ጉዳት ሳይሆን በሌላ ሕመም መሥራት ካልቻለ፣ መታመሙ ከታወቀበት ዕለት አንሥቶ በሚቆጠር 12 ወር ውስጥ በተከታታይም ሆነ በተለያየ ጊዜ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። ከዚህ ውስጥ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። ከሐምሌ እስከ አሁን ሦስት ወር ገደማ ከሆነ፣ ደመወዝ ያለበትን ክፍል ጨርሰዋል ማለት ነው፤ እስከሚቀጥለው ሐምሌ ድረስ ቢታመሙ ፈቃድ አለዎት፣ ደመወዝ ግን የለም። ይህን ከወዲሁ ማወቅዎ ለዕቁቡም ለብድሩም ይጠቅማል።

ሁለተኛው ነገር፣ ሲታመሙ አሠሪው እስከ ማግስቱ እንዲያውቀው ማድረግና በኋላም የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ግዴታ ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በስድስት ወር ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት በድምሩ 5 የሥራ ቀን መቅረት ለስንብት ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ የድባቴ ዝቅታ ደግሞ ሰውን ስልክ እንኳ እንዳያነሣ የሚያደርግ ነው። ስለዚህ ሲብስብዎ በእርስዎ ፈንታ ደውሎ የሚያሳውቅ ሰው ዛሬ ይምረጡ፤ የሰው ኃይል አስተዳደሩን ስልክም አስቀድመው ይስጡት።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአእምሮ ጉዳትንም ይጨምራል፤ አሠሪውም ለሥራው የሚያስፈልገውን ተመጣጣኝ ማመቻቸት እንዲያደርግ ይጠይቃል። በዚህ ለመጠቀም ግን የጉዳቱን ዓይነት በማስረጃ ማሳየት ግድ ነው፤ ስሙን ደብቆ በዚህ አዋጅ መከራከር አይቻልም። ምርጫው የእርስዎ ነው። አራት ኪሎ የመንግሥት መምህርት ከሆኑ የሚገዛዎት ሌላ ሕግ ነውና ከላይ ያልኩት ቁጥር ለእርስዎ አይሠራም።

ተናግሬ አየሁት — ጥቅምት 6፣ ከቀኑ 7:05

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲባል ሰምቼ ሁሉን ተናገርኩ። ተረቱ የተተረተው ለሐኪም ነው እንጂ ለቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ እንዳልሆነ የገባኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው።

በአንድ ባንክ ገንዘብ ከፋይ ነበርኩ። አለቃዬ መልካም ሰው ነበር፤ አቅፎኝ አልቅሷል። በሳምንቱ «ለራስህ ስል ነው» ብሎ ከመስኮቱ አንሥቶ መዝገብ ቤት አስቀመጠኝ። ክፋት አልነበረበትም፣ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ከዚያ በኋላ በአንድ ነገር ባልስማማ፣ ድምፄን ትንሽ ከፍ ባደርግ፣ በቀልድ ትንሽ ብስቅ እንኳ መልሱ አንድ ነበር፦ «መድኃኒትህን ወሰድክ?» የትርፍ ሰዓት ስሌቴ በእርግጥ ተሳስቶ ሄጄ ስጠይቅም ይኸው ነው የተባልኩት። የተናደደ ሰው መሆን መብት መሆኑን ያወቅሁት ካጣሁት በኋላ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አራት ኪሎ ካሉት አይለይም፤ እኔ ግን አንድ እጨምራለሁ። የነገሩትን ቃል መልሰው መውሰድ አይችሉም፤ ያልነገሩትን ግን ነገ መንገር ይችላሉ።

የሌሊት ተረኛ — ጥቅምት 6፣ ከምሽቱ 1:30

የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነኝ። ሐኪምዎን የሚተካ ነገር አልጽፍም፤ ሥራን የሚመለከቱትን ብቻ ላንሣ።

ጠዋት ጉም የለበሰው ጭንቅላትዎ ሕመሙ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ኦላንዛፒን እንቅልፍ ያመጣል። ብዙ ታካሚዎች ማታ 5 ሰዓት ላይ ይውጡትና ጠዋት 1 ሰዓት ለመነሣት ይታገላሉ። ሐኪምዎን ሰዓቱን ወደ ምሽቱ 2 ሰዓት ማምጣት ይቻል እንደሆነ ይጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ይቻላል። ምግብም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል፤ ይህ መድኃኒት ክብደትንና የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ በሻይ ሰዓት ሁለት ሳምቡሳ የሚበላ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሱሪው አልገባ ሲለው መድኃኒቱን ራሱ ያቋርጠዋል። ማቋረጡ ነው አደጋው። «አሁን ደኅና ነኝ» ብሎ መተው ለማገርሸት አጭሩ መንገድ ነው፤ ደኅና የሆኑት እየወሰዱት ስለሆነ ነውና።

ይህን ክር የሚያነቡ ሴቶች ካሉ፣ ቫልፕሮት በማኅፀን ባለ ፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ የመውለድ ሐሳብ ወይም ዕድል ያላት ሁሉ ሳትውል ሳታድር ከሐኪሟ ጋር መነጋገር አለባት። ለዚሁ ሕመም የሚሰጠውን ሊትየም የሚወስዱ ካሉም፣ መጠኑ በደም ምርመራ የሚለካ መድኃኒት ነው፤ ከመጨረሻው ክኒን 12 ሰዓት በኋላ ደም ይሰጣል፤ ኩላሊትና የእንቅርት ዕጢም በየጊዜው ይታያሉ። ሰውነት ውኃና ጨው ሲያጣ ሊትየሙ በደም ውስጥ ይከማቻል፤ ተቅማጥ፣ ትውከት፣ ውኃ ሳይጠጡ እስከ 9 ሰዓት መጾም፣ ወይም ለወገብ ሕመም ከፋርማሲ በራስ የሚገዛ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ሁሉ ወደዚያው ይወስዳሉ። የእጅ መንቀጥቀጥ ከበረታ፣ እግር ከተንገዳገደ፣ ንግግር ከተሳሰረ ያኔውኑ ወደ ሕክምና ነው። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር መመካከር የተገባ ነው።

ጫት ላይ አልደራደርም። ሰኔ ላይ ለማምሸት ተብሎ የሚያዘው ጫት ለሌላው ሠራተኛ አንድ ሌሊት ነው፤ ለእርስዎ ሦስት ወር ሊሆን ይችላል። በመጨረሻም፣ በዝቅታው ጊዜ የሞት ሐሳብ ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ከሰው ጋር ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

የሒሳብ ሰው — ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 1:10

የመጀመሪያውን ሳምንት ጨረስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሌሊት ተረኛ ስለ ጫት ያሉት ጫማዬ ውስጥ ገብተው የጻፉት መሰለኝ፤ በሰኔ ሦስት ሌሊት ቢሮ ውስጥ ከልጆቹ ጋር ይዤ ነበር። ለሐኪሜ አልነገርኩትም ነበር፤ ሐሙስ ዕለት ነገርኩት። የመድኃኒቱን ሰዓትም ወደ 2 ሰዓት አመጣልኝ።

ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ትልቁ ችግር ጉሙ አይደለም፤ ሰኔን ነው የማገኘው በየጠረጴዛው። በሁለቱ ሌሊት የሠራሁትን ሥራ ሰው ሁሉ ያደንቀው ነበር፤ አሁን መዝገቡን ስከፍተው ግማሹ ትክክል ነው፣ ግማሹ ግን ያለ ደጋፊ ሰነድ የተመዘገበ የማስተካከያ ምዝገባ ነው። የዓመቱ ግብር እስከ ጥቅምት 30 መታወቅ ስላለበት ኦዲተሮቹ በየቀኑ ይጠይቁኛል፤ እኔም በጊዜው ምን እንዳሰብኩ አላስታውስም። አንዱን ምዝገባ ለማረም ሦስት ጊዜ እደምረዋለሁ፤ ሦስት የተለያየ ድምር ይመጣልኛል።

ገንዘብ ያዣችን ደግሞ በመስኮቷ በኩል ሳልፍ አንገቷን ትደፋለች። ይቅርታ ልጠይቅ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን «ታምሜ ስለነበር ነው» ካልኩ ታይፎይድ ሰውን «ሌባ ነሽ» አያሰኝምና ቀጣዩ ጥያቄ ይመጣል። «አልታመምኩም» ካልኩ ደግሞ አውቄ የሰደብኳት ሆንኩ። በዚህ መሐል የሚባል ነገር አለን?

ክፍል ኃላፊ — ጥቅምት 11፣ ከጠዋቱ 3:20

እኔ ሕመሙ የለብኝም፤ ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ድርጅት የ11 ሰው አለቃ ነኝ። ከእኔ ሥር ይህ ሕመም ያለባት ሠራተኛ ስለነበረች ክሩን በፍላጎት ተከታተልኩት። «ተናግሬ አየሁት» የጻፉትን ሳነብ አፈርኩ፤ «መድኃኒትሽን ወሰድሽ?» የሚለውን ቃል እኔም አንድ ቀን ብያለሁና።

አለቃ የሚፈራው ምን እንደሆነ ልንገርዎ። የሕመሙ ስም አይደለም፤ ድንገት መጥፋትና ያልታየ ስሕተት ነው። ለእነዚህ ሁለቱ መልስ ይዞ የሚመጣ ሠራተኛ ከሌላው ሠራተኛ የበለጠ አያሳስበኝም። እርስዎ ደግሞ የተሻለ ዕድል አለዎት፤ ሙያዎ ራሱ መድኃኒቱን ይዞታል። በእያንዳንዱ የወጪ ማዘዣ ግርጌ ሦስት የፊርማ ቦታ አለ፦ ያዘጋጀው፣ ያረጋገጠው፣ ያጸደቀው። ይህ ሥርዓት የተፈጠረው ማንም ሰው በራሱ ዓይን ብቻ ተማምኖ ገንዘብ እንዳያወጣ ነው፤ ለሌባም ለጤነኛም እኩል ይሠራል። በሰኔ የሆነው ነገር፣ እንደተረዳሁት፣ ሦስቱንም ፊርማ እርስዎ ብቻዎን ፈርመው ማንም አለማየቱ ነው። ይህ የእርስዎ ሕመም ሳይሆን የድርጅቱ ድክመት ነው፤ ባለሥልጣን ሆኜ ስናገረው ደስ አይለኝም እንጂ።

ስለዚህ አለቃዎ ዘንድ ሲገቡ፣ «የሰኔ ምዝገባዎቼን ከሌላ ሰው ጋር ሆኜ ከደጋፊ ሰነዳቸው ጋር ላመሳክር፤ ከእንግዲህም የእኔን ሥራ አንድ ሰው ይመልከተው፤ የእርሱንም እኔ ልመልከት» ይበሉት። እርዳታ የጠየቀ ሳይሆን አሠራር ያስተካከለ ሰው ይሆናሉ።

ዘለዓለም በጸሎት — ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 6:00

ይህ ሁሉ ክኒን ምን ያደርጋል? እንጦጦ ወጥተው ሁለት ሱባዔ ቢጠመቁ ይበቃ ነበር። እኛ ስንት አየን።

የታማሚ እህት — ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 8:45

ወንድሜን እኔው ነኝ ጸበል ይዤው የወጣሁ፤ ስለዚህ የምናገረው ጸበልን ለመንቀፍ አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ክኒኑን አስጥለን ወሰድነው፤ በአሥራ አምስተኛው ቀን በሌሊት በእግሩ ወደ ሱሉልታ ሲሄድ አገኘነው። በሁለተኛው ዓመት ክኒኑን በቦርሳዬ ይዤ ማታ ማታ እየሰጠሁት ተጠመቀ፤ ሁለቱም ተስማሙለት። ከዚህ በላይ አልከራከርም።

ለሒሳብ ሰው የምለው ግን አለኝ። ከፍ ማለት ሲጀምር ታማሚው ራሱ መጨረሻ ነው የሚያውቀው፤ ምክንያቱም ደስ ይለዋል። የወንድሜ ምልክቶች ሦስት ናቸው፦ ሻይ ሳይጨርስ ይነሣል፣ ላልደወለለት ዘመድ ሁሉ ይደውላል፣ በቤት ውስጥ ዕቃ ቦታ መቀየር ይጀምራል። እነዚህን ጤነኛ ሳለ አብረን ጻፍናቸው፤ ፈረመበት። አሁን «ጀመረህ» ስለው አይቆጣም፤ ወረቀቱን ነው የማሳየው። ሥራ ቦታም አንድ እንዲህ ያለ ዓይን ቢኖርዎ መልካም ነው፤ ከአንድ በላይ ግን አይሁን፤ በሁለት ሰው የሚታወቅ ነገር ሦስተኛ ቀን ሻይ ቤት ይደርሳል።

አራት ኪሎ — ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2:25

ስለ ገንዘብ ያዟ ጠይቀዋል፤ ይህ ከሕጉም ከመድኃኒቱም ይልቅ ሌሊት የሚያባንን ነገር ስለሆነ ዝም ብዬ አላልፈውም።

እኔም ተማሪዎች ፊት ለባልደረባዬ ያልሆነ ነገር ብያለሁ። ለአንድ ዓመት ይቅርታ ያልጠየቅሁት እንደ እርስዎ ምክንያቱን እየፈለግሁ ነበር። ኋላ የገባኝ፣ የተሰደበ ሰው የሚፈልገው ምክንያቱን አለመሆኑ ነው። የሚፈልገው፣ የተባለው ነገር ሐሰት እንደነበረ በተባለበት ቦታና በሰሙት ሰዎች ፊት መነገሩን ነው። ስለዚህ «ታምሜ ነው» አይበሉ፤ «አልታመምኩም» ም አይበሉ። «በሰኔ በሰው ፊት የተናገርኩሽ ሐሰት ነው፤ መዝገብሽ አንድ ሳንቲም ጎድሎበት አያውቅም፤ ይቅር በይኝ» ይበሉ፤ በሰው ፊት። ከጠየቀችዎ፣ «በዚያን ጊዜ ራሴን አልነበርኩም» የሚለው እውነት ነው፤ ይበቃልም።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ፣ ከዕቁቦቹ አንዱን ለሌላ ሰው ማዛወር ይቻል እንደሆነ ሰብሳቢውን ይጠይቁ፤ ዕጣ ያልወጣለትን ዕጣ የሚገዛ አይጠፋም። ክፍል ኃላፊ የጻፉት የሦስት ፊርማ ነገር እጅግ ስለገረመኝ ለራሴም ወስጄዋለሁ። ከ5,000 ብር በላይ የሆነ ወጪ፣ ማንኛውም የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ የተጻፈ ማንኛውም ረጅም መልእክት፣ አዘጋጇ እኔ ብሆንም ያለ እህቴ ማረጋገጫ አይወጣም። የመልቀቂያ ደብዳቤ በሰባት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ጽፌአለሁ። አምስቱም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ፤ ሁለቱ እንዲያውም ጥሩ ተጽፈዋል።

ተናግሬ አየሁት — ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1:15

ለክፍል ኃላፊ፦ ማፈርዎን ስላነበብኩ ብቻ አንድ ነገር ልጠይቅ። ሠራተኛዋ አሁን አብራችሁ ናትን?

ክፍል ኃላፊ — ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 4:00

የለችም፤ ሌላ ቦታ ተቀጠረች። ስትወጣ ምክንያቷን አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

የሒሳብ ሰው — ኅዳር 20፣ ከምሽቱ 1:45

የዘገየሁት ጥቅምት 30 እስኪያልፍ ነው። አለፈ፤ ግብሩ በጊዜው ታወቀ።

አለቃዬ ዘንድ የገባሁት በወረቀት ላይ ሦስት መስመር ጽፌ ነው፤ በቃሌ ብናገር እንደማበዛው አውቃለሁ። እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ከ2:30 ፈንታ 3:30 እንድገባና ማታ በዚያው ልክ እንድካካስ፣ የሰኔ ምዝገባዎቼን ከአንድ ባልደረባ ጋር እንድመሳክር፣ በሰኔ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ እንዳልቆይ ጠየቅሁ። ስሙን አልተናገርኩም፤ «ዕድሜ ልክ ክትትል የሚፈልግ፣ እንቅልፍ ሳጣ የሚነሣብኝ ሕመም ነው» አልኩት። ሁለቱን ወዲያው ተቀበለ። ሦስተኛውን ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠና «ሰኔ ላይ?» አለኝ፤ ከስብሰባችን ሁሉ የማስታውሰው ያንን ፊቱን ነው። በመጨረሻ የተስማማነው የዕቃ ቆጠራውና የባንክ ሒሳብ ማስታረቁ ወደ ግንቦት መጀመሪያ እንዲመጣ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ሰኔ ላይ የሚያመሽ ሰው ቁጥሩ ይቀንሳል። በጽሑፍ አልሰጠኝም። የሥራ ውል እንደሚቆጡ አውቃለሁ፤ በማግስቱ የተነጋገርነውን በአጭር ኢሜይል ልኬለት «ደርሶኛል» ብሏል። ኢሜይሏ አምስት መስመር ናት፤ ከቀኑ 5 ሰዓት ላይ የተላከች፤ እህቴም አይታታለች።

ዕቁቡ አንዱ ተዛወረ፤ ብድሩ ከደመወዜ እየተቆረጠ ነው፤ እስከ ሚያዝያ ድረስ ምሳ ከቤት ነው የማመጣው።

ለገንዘብ ያዣችን አራት ኪሎ ባሉኝ ቃል፣ በዚያው ቢሮ፣ የሰሙት ሰዎች ባሉበት ተናገርኩ። እጄ ሲንቀጠቀጥ ስለነበር ወረቀት ይዤ ነው የቆምኩት። ለጊዜው ምንም አልመለሰችልኝም። ከሰዓት በኋላ ለሻይ ስንወጣ አጠገቤ መጥታ፣ «ተወው፤ ሰኔ እኮ ሁላችንንም ያሳብደናል» አለችኝ። ሳቅሁ። ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ የተናግሬ አየሁትን ምክር አስታውሼ ሻዬን ጠጣሁ።

ደብተሩን ከጥቅምት 11 ጀምሮ እየያዝኩ ነው፤ ትናንት ማታ ለሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ተኝቻለሁ። አንድ ልመና አለኝ። ግንቦት 1 ቀን ከእናንተ አንዳችሁ ይህን ክር አንሡና ስንት ሰዓት እንደተኛሁ ጠይቁኝ። መልሴ ረጅም ከሆነ ለእህቴ ደውሉላት፤ ስልኳን ለአራት ኪሎ በውስጥ መስመር ልኬያለሁ።